አድራሻ ከመያዛችን በፊት መልሱልን

ለሞንጎመሪ፣ ለፕሪንስ ጆርጅስ፣ ለፍሬድሪክ፣ ለፌርፋክስ፣ ለፕሪንስ ዊልያምና ለላውደን ካውንቲዎች እንዲሁም ለአሌክሳንድሪያ ከተማ የልዩ ትምህርት ክፍሎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትንሹ ልጄ ኦቲዝም አለበት፤ የሚማረውም በአይኢፒ፣ ማለትም ልዩ ትምህርት ለሚያስፈልገው ልጅ ለብቻው በሚጻፍ የትምህርት ዕቅድ ነው። እኔና ባለቤቴ ከተማውን ለቀን ወደ እናንተ አካባቢ፣ ወደ ሜሪላንድ ወይም ወደ ቨርጂኒያ፣ ለመምጣት እየተዘጋጀን ነው። ምክንያታችን የብዙ ሐበሻ ቤተሰብ ምክንያት ነው። ኪራዩ ከበደ፣ ልጆቹ አደጉ፣ ቤቱ ጠበበ። ዕቁብ ደርሶናል፤ ከቁጠባችን ጋር ተደምሮ ለቤት ቅድመ ክፍያ ይበቃናል ብለን ተስፋ አድርገናል።

ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት በሁለት ምክንያት ነው። ከመካከላችሁ ሞንጎመሪና ፌርፋክስ ለወላጆች የሚያወጡትን መረጃ በአማርኛም ያወጣሉ። ስለዚህ የሚያነብላችሁ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ደግሞም እንደ እኛ ዕቃ እያሰሩ ያሉ ወላጆች እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ልዩ ትምህርት የሚያስፈልገው ልጅ ያለው ቤተሰብ ቤት ከመግዛቱ ወይም ሊዝ (የኪራይ ውል) ከመፈረሙ በፊት፣ እናንተ ዘንድ ለልጁ ምን እንዳለ ጠይቆ መልስ የሚያገኝበት በር ክፈቱለት።

ዛሬ ያ በር የለም። ደውለን ስንጠይቅ መጀመሪያ የምንሰማው "አድራሻዎ የት ነው?" የሚለውን ነው። ገና አልያዝንም ስንል፣ "ቤት ሲያገኙ ልጁን ያስመዝግቡ፤ ከዚያ ቡድኑ ተሰብስቦ ይወስናል" እንባላለን። ለማስመዝገብ ሊዝ ወይም የቤት ሰነድ ይጠየቃል። ሊዝ ለመፈረም ደግሞ የት ብንፈርም ልጁን እንደሚበጀው ማወቅ አለብን። ስለዚህ በቤተሰባችን ታሪክ ትልቁን ውሳኔ፣ ብዙ ጊዜም የ30 ዓመት ሞርጌጅ፣ የልጃችንን ትምህርት በተመለከተ ምንም ሳናውቅ እንወስናለን።

የእናንተም ችግር ይገባኛል። ልጁ የትኛው ክፍል እንደሚገባ የሚወስነው ወላጅ ያለበት የአይኢፒ ቡድን ነው። ሕጉ እንደዚያ ነው የሚለው፤ ጥሩ ሕግም ነው። ስልክ ያነሳች ሠራተኛ ቃል ልትገባልኝ አትችልም። እኔም ቃል አልጠየቅኩም፤ መረጃ ነው የጠየቅኩት። ገና በደንብ መናገር ለማይችሉ ልጆች የሚሆን ክፍል የትኞቹ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አለ? በአንድ ክፍል ስንት ልጅ፣ ስንት አዋቂ ይኖራል? ፕሮግራሙ በ5ኛ ክፍል ካበቃ በኋላ ልጁ ወዴት ይሄዳል? የስፒች ቴራፒስት (የንግግር ሕክምና ባለሙያ) ቦታዎች ተሞልተዋል ወይስ ክፍት ናቸው? ልጁ በአውቶቡስ ስንት ደቂቃ ይጓዛል? ከእነዚህ ውስጥ የአንድም ልጅ ምስጢር የለም። ሁሉም እናንተ ጋ ተጽፎ ያለ ነገር ነው።

መረጃው ከእናንተ ሲጠፋ ከሌላ ቦታ እንፈልጋለን፤ የምናገኘው ደግሞ ያሳስተናል። ቤት የሚያሳየን ኤጀንት ስለ ትምህርት ቤት ስንጠይቀው ይጠነቀቃል። የቤት አድልዎን የሚከለክል ሕግ ስላለ፣ ገዢን ወደ አንድ ሰፈር የሚገፋ ንግግር መናገር ያስፈራዋል። "ግሬትስኩልስ ላይ ያለውን ነጥብ እዩት" ብሎ ያልፋል። ግሬትስኩልስ ለትምህርት ቤቶች ነጥብ የሚሰጥ ድረ ገጽ ነው። ነጥቡ ከ10 የሚሰጥ ነው፤ ባብዛኛው የሚመጣውም ከፈተና ውጤት ነው። የእኔ ልጅ የሚያስፈልገው መምህር እዚያ ይኑር አይኑር ቁጥሩ አይነግረኝም። ነጥቡ 9 የሆነ ትምህርት ቤት ለእሱ ምንም ላይኖረው ይችላል። 5 ያገኘው ደግሞ ከካውንቲው ሁሉ የተሻለ የኦቲዝም ክፍል ሊኖረው ይችላል።

ከዚህ የሚብስም አለ። ብዙ ወገኖቼ የማያውቁት ነገር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገረው። ዲሲ ዙሪያ ያሉት የትምህርት አስተዳደሮች ባብዛኛው በካውንቲ ደረጃ የተዋቀሩ ናቸው። የሞንጎመሪ ተማሪ ከ150 ሺህ በላይ ነው፤ የፌርፋክስ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ይህን በሚያህል ቦታ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሁሉም ዓይነት ክፍል የለውም። የኦቲዝም ክፍል በአንዱ፣ መስማት ለተሳናቸው በሌላው፣ የባህርይ ድጋፍ ለሚሹት ደግሞ በሦስተኛው ይሆናል። ቤተሰቡ ጥሩ የሚባለው ትምህርት ቤት አጠገብ ለመሆን ብሎ ብዙ ሺህ ዶላር ጨምሮ ቤት ይገዛል። ከዚያ ታላቅየው በእግሩ እዚያ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ታናሹ ግን ጠዋት በአውቶቡስ ተጭኖ ሌላ ሰፈር ይወሰዳል። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ለእሱ ተብሎ ነበር።

የፌዴራሉ ደንብ፣ አይኢፒው ሌላ ካላስገደደ በስተቀር ልጁ አካል ጉዳት ባይኖርበት ኖሮ በሚማርበት ትምህርት ቤት ይማር ይላል። በተቻለ መጠንም ለቤቱ ቅርብ ይሁን ይላል። በተቻለ መጠን ከሌሎች ልጆች ሳይነጠል ይማር የሚለውም የሕጉ ዋና ምሰሶ ነው። ይህን ምን ያህል እንደምታሟሉ ደግሞ የሚለካ ነገር አለ። አይኢፒ ካላቸው ተማሪዎች ስንት በመቶው የትምህርት ቀኑን 80 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ በመደበኛ ክፍል እንደሚያሳልፉ ስቴቶች በየዓመቱ ለፌዴራል መንግሥት ያሳውቃሉ። የእያንዳንዱ አካባቢ ቁጥርም ለሕዝብ ይወጣል። ግን የሚወጣው በረጅም የእንግሊዝኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። ቤት የሚፈልግ ሐበሻ አባት ከፈረቃ ወጥቶ ያንን ሠንጠረዥ ፈልጎ ያገኛል ብዬ አላምንም። አውጡትና በአንድ ገጽ አማርኛ ንገሩን።

አሁን ወደ ድንበሩ ልምጣ። በእኛ አካባቢ ቤት መቀየር ማለት ብዙ ጊዜ ስቴት መቀየር ማለት ነው። ኢስተርን አቬኑን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የመንገዱ አንዱ ጎን ዲሲ ነው፣ ተሻግሮ ያለው ሜሪላንድ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው እንጀራ መሸጫ ከዲሲው ቤታችን በእግር ሊደረስ ይችላል። ለልጄ አይኢፒ ግን ያ መንገድ ትልቅ ወንዝ ነው። በልዩ ትምህርት ሕግ ዲሲ እንደ ስቴት ስለሚቆጠር፣ መንገዱን የተሻገረ ልጅ ከቴክሳስ የመጣ ያህል ነው።

ልዩነቱ ይህ ነው። ልጁ በዚያው ስቴት ውስጥ ከተዛወረ፣ አዲሱ የትምህርት ቢሮ የቀድሞውን አይኢፒ እስኪቀበል ወይም አዲስ እስኪያወጣ ድረስ ተመጣጣኝ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለበት። ከሌላ ስቴት ሲመጣም ተመጣጣኝ አገልግሎቱ ግዴታ ነው። ነገር ግን አዲሱ ቢሮ አስፈላጊ ነው ብሎ ካመነ ልጁን እንደ አዲስ መርምሮ፣ በስቴቱ መስፈርት ብቁ መሆን አለመሆኑን ይወስናል። በተለይ "የዕድገት መዘግየት" በሚል መደብ አገልግሎት የሚያገኙ ትንንሽ ልጆች ወላጆች ይህን ልብ ይበሉ። የፌዴራሉ ሕግ ይህን መደብ ከ3 እስከ 9 ዓመት ይፈቅዳል፤ ስቴቶች ግን ዕድሜውን ማሳጠር ይችላሉ። እዚህ ብቁ የሆነ ልጅ እዚያ ሌላ መደብ ሊፈለግለት ይችላል።

የጊዜ ገደቡም ይለያያል። ሜሪላንድ ውስጥ የመጀመሪያው ምርመራ ወላጅ ከፈረመ በ60 ቀን፣ የጽሑፍ ጥያቄው ከቀረበ በ90 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ቨርጂኒያ 65 የሥራ ቀን ትሰጣለች። 65 የሥራ ቀን 13 ሳምንት ነው፤ የአንድ ልጅ የትምህርት ዓመት ሲሶ በላይ ማለት ነው።

የወላጅ ፊርማ ያለው ኃይልም አንድ ዓይነት አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ በአይኢፒው ላይ ያሉ አገልግሎቶችን ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ መቀየር አይቻልም። ሜሪላንድ ውስጥ የፊርማ ፈቃድ የግድ የሚሆነው በተወሰኑ ጉዳዮች ነው። ከእነዚህ ዋናው ልጁን ወደ አማራጭ ፈተናና ወደ አማራጭ ሥርዓተ ትምህርት ማስገባት ነው። እዚህ ላይ ወላጆችን አደራ እላለሁ። ልጁ ገና 3ኛ ክፍል እያለ የሚፈረም ወረቀት፣ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ዲፕሎማ ይቀበል ወይም የማጠናቀቂያ ሰርተፊኬት ብቻ ይቀበል የሚለውን ሊወስን ይችላል። ስብሰባው ላይ ግን ሌሎች ብዙ ወረቀቶች መሀል ይመጣል። ኃላፊዎች፣ ይህንን ለብቻው፣ ቀስ ብላችሁ፣ በቋንቋችን አስረዱን።

ስለ ቋንቋ ካነሳሁ አይቀር ልቀጥል። ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛን ለምደዋል። አስተርጓሚ ስንጠይቅ ግራ የሚጋባ ሰው እምብዛም የለም። ያ ሕግ ግን ኢስተርን አቬኑ ላይ ይቆማል። ማዶ የሚጠብቀን የፌዴራሉ ሕግ ነው። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ወላጅ የአይኢፒ ስብሰባው እንዲገባው አስተርጓሚ ማቅረብን ጨምሮ አስፈላጊውን ሁሉ ማድረግ የቢሮው ግዴታ ነው ይላል። ሜሪላንድ በዚያ ላይ ሁለት መልካም ነገሮች ጨምራለች። ስብሰባው ላይ የሚታዩት ሰነዶች ቢያንስ ከ5 የሥራ ቀን በፊት ለወላጅ መድረስ አለባቸው። ቋንቋው ከ1 በመቶ በላይ በሆኑ የአካባቢው ተማሪዎች የሚነገር ከሆነ ደግሞ ወላጁ አይኢፒው ተተርጉሞ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል።

ወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው። በተግባር የማውቀው ሌላ ነው። አስተርጓሚው በስልክ ይመጣል፤ ድምፁ ይቆራረጣል። ስለ ልዩ ትምህርት ሰምቶ አያውቅም። የአንድ ሰዓት ንግግር በአምስት ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል። አስተርጓሚ የቀረ ዕለት ደግሞ ታላቅ እህት ወይም ወንድም ከክፍል ተጠርቶ ያስተረጉማል። ልጅ ስለ ወንድሙ ምርመራ ውጤት ለእናቱ እንዲናገር ማድረግ ልክ አይደለም። ሕፃኑን የማይሸከመውን ነገር ማሸከም ነው። እናቲቱም ልጇ ፊት መጠየቅ የምትፈልገውን ሳትጠይቅ ትመለሳለች። ስለዚህ የምፈልገው በአካል የሚገኝ፣ የልዩ ትምህርትን ነገር የተማረ፣ ከስብሰባው በፊት ሰነዱን አንብቦ የሚመጣ አስተርጓሚ ነው። እናንተ አካባቢ ይህን ሥራ ሊሠሩ የሚችሉ አማርኛ ተናጋሪ መምህራን፣ ነርሶችና ሶሻል ወርከሮች ሞልተዋል። አሠልጥኗቸው፤ ክፈሏቸው።

አንድ ነገር ደግሞ እባካችሁ አስቁሙልኝ። "ልጁ ግራ እንዳይጋባ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት" የሚል ምክር አሁንም ይሰጣል። በሁለት ቋንቋ ማደግ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ቋንቋ እንደማይጎዳ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ምክሩ ግን ቤት ይጎዳል። አያት የምታወራው አማርኛ ነው። እናት "ና የኔ ጌታ" የምትለው በአማርኛ ነው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ብቻ የሚነገረው ልጅ፣ ሰው በልቡ ሙሉ የሚያናግረውን ነገር ያጣል። ሕጉም ቢሆን ልጅ እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ አካል ጉዳተኛ ነው ሊባል እንደማይገባ፣ ምርመራውም በተቻለ መጠን በልጁ ቋንቋ መደረግ እንዳለበት ይናገራል።

ቤት መለወጥ ከትምህርት ቤት ውጭ የሚነካው ነገርም አለ፤ ስለ እሱ ማንም አስቀድሞ አይነግረንም። በሜዲኬይድ ዌይቨር፣ ማለትም በየስቴቱ በሚሰጠው የአካል ጉዳተኞች የእርዳታ ፕሮግራም፣ የሚመጣው የቤት ውስጥ እርዳታ ከስቴት ወደ ስቴት አብሮ አይሄድም። ተራ ይዘን የቆየንበት ዝርዝር ድንበሩ ላይ ይቀራል፤ ማዶ እንደ አዲስ እንመዘገባለን። ሜሪላንድ የኦቲዝም ዌይቨር አላት፤ ቨርጂኒያ ደግሞ ተራውን በቀን ሳይሆን በችግሩ አጣዳፊነት ትደለድላለች። ይህ የእናንተ ቢሮ ሥራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ልጁን ለማስመዝገብ በምንመጣበት ቀን፣ "በዚያኑ ዕለት እዚህም ተመዝገቡ" የሚል አንድ ወረቀት ብትሰጡን የብዙ ወራት ተራ ታተርፉልናላችሁ።

እንዲሁ ዲሲ ልጃቸውን በግል የልዩ ትምህርት ቤት እየከፈለች የምታስተምርላቸው ቤተሰቦች አሉ። አንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ያሉት ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ቤተሰቡ "ለትምህርት ቤቱ እንቅረብ" ብሎ ሜሪላንድ ሲገባ የዲሲ ክፍያ ይቋረጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚወስነው አዲሱ ካውንቲ ነው። ይህን ቤት ከገዙ በኋላ ማወቅ ከባድ ነው።

ሌላው ችግር ወቅቱ ነው። ቤተሰብ የሚዛወረው ትምህርት ከተዘጋ በኋላ፣ ጁላይና ኦገስት ላይ ነው። ያኔ መምህራኑና ቴራፒስቶቹ እረፍት ላይ ናቸው። የቀድሞው ትምህርት ቤት ስልክ አያነሳም፤ አዲሱ ሰነድ ይጠብቃል። ሕጉ አዲሱ ትምህርት ቤት ሰነዱን በፍጥነት ለማግኘት እንዲጥር ያዛል፤ የቀድሞውም ፈጥኖ እንዲመልስ። ግን የትምህርት መክፈቻው ዕለት ልጁ ሲገባ መምህሯ ስለ እሱ ምንም አላነበበችም። አውቶቡስም አልተመደበለትም። ለሌላ ልጅ የመጀመሪያው ሳምንት ግርግር ያልፋል። እንደ ልጄ ላለ ልጅ ግን አዲስ ቤት፣ አዲስ መንገድ፣ አዲስ ፊት፣ አዲስ ድምፅ በአንድ ቀን ሲመጣ እንቅልፉ ይጠፋል፤ ምግብ ይተዋል፤ ይዞት የነበረው ቃል እንኳ ሊጠፋው ይችላል። ስለዚህ በየካውንቲው ክረምቱን ሙሉ የሚሠራ፣ ከሌላ ቦታ የሚመጡ ልጆችን አይኢፒ ብቻ የሚያይ ሰው አስቀምጡ። ልጁ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ክፍሉን በባዶው መጥቶ እንዲያይም ፍቀዱለት። የሚያስፈልገው ግማሽ ሰዓትና ቁልፍ የያዘ አንድ ሰው ነው።

በጀት እንደሚያጥራችሁ ልትነግሩኝ ትችላላችሁ። እውነት ነው። ኮንግረስ ለልዩ ትምህርት ከአማካይ የተማሪ ወጪ እስከ 40 በመቶ እሸፍናለሁ ብሎ ነበር፤ እዚያ ደርሶ አያውቅም። የቀረውን የምትሸከሙት እናንተና ስቴቶቹ ናችሁ። ነገር ግን የዚህ ሁሉ ታሪክ አንዱ መነሻ እዚሁ ዲሲ መሆኑን ላስታውሳችሁ። በ1972 ውሳኔ ባገኘ ጉዳይ የሰባት ልጆች ቤተሰቦች የዲሲን የትምህርት ቦርድ ከሰው ነበር፤ ልጆቻቸው ከትምህርት ገበታ ተገልለው ነበርና። ቦርዱ ገንዘብ አነሰኝ ሲል ዳኛ ጆሴፍ ዋዲ አልተቀበሉትም። ገንዘብ ካነሰ እጥረቱ በአካል ጉዳተኛ ልጆች ላይ ብቻ ሊወድቅ አይችልም የሚል ውሳኔ ሰጡ። ከውሳኔው 3 ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 29 ቀን 1975፣ ፕሬዝዳንት ጄራልድ ፎርድ ዛሬ አይዲኢኤ የምንለውን የፌዴራል የልዩ ትምህርት ሕግ ፈረሙ። በ2017 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኢንድሩ ኤፍ ጉዳይ፣ ለይስሙላ የሆነ መሻሻል እንደማይበቃ፣ ትምህርቱ ልጁ ካለበት ሁኔታ አንጻር እንዲራመድ የሚያስችለው መሆን እንዳለበት በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ጉዳዩ የተነሳበት ልጅ፣ ኢንድሩ፣ ኦቲዝም ነበረበት። እኔ ይህንን ሳነብ አልቅሻለሁ። የሀገሬን ልጆች አስቤ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስታቋቁም መነሻዋ የገዛ ልጇ ነበር። ልጇን የሚቀበል ቦታ አጥታ ነው ራሷ የከፈተችው። ያኔ ብዙ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባ ነበር። ጎረቤት "የእርግማን ነው" ይል ነበር። እኛም ያንን ፍርሃት በሻንጣችን ይዘነው መጥተናል። ቤተ ክርስቲያን ልጄ ሲጮህ ዞር ብለው የሚያዩኝን ዓይኖች አውቃቸዋለሁ። ስለዚህ አንድ ሐበሻ ወላጅ እናንተ ጋ ደውሎ "ልጄ ልዩ ትምህርት ይፈልጋል" ብሎ በአፉ ሲናገር፣ እዚያ ለመድረስ ብዙ መንገድ ሄዷል። "አድራሻ ከሌለዎት አንረዳዎትም" ብላችሁ ስትዘጉበት እንደገና ላይደውል ይችላል።

አሁን ደግሞ ለእናንተ፣ ዕቃ ለምታስሩ ወላጆች። እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ቢሮዎቹ በሩን እስኪከፍቱልን ድረስ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ። ከዲሲ ከመውጣታችሁ በፊት የልጁን ፋይል ሙሉ ቅጂ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። የመጨረሻውን አይኢፒ፣ የምርመራ ሪፖርቶቹን፣ የዕድገት ሪፖርቶቹን በእጃችሁ ያዙ። ትምህርት ቤቶቹ እርስ በርስ ይላላካሉ ብላችሁ አትተማመኑ። አይኢፒው ላይ "በሳምንት ይህን ያህል ደቂቃ ስፒች" ተብሎ በቁጥር መጻፉን እዩ። በቁጥር ያልተጻፈ ነገር "ተመጣጣኝ" ሲባል ይቀንሳል። ምርመራው 3 ዓመት ሊሞላው ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት አሠሩት፤ ልጁን ከሚያውቁት ሰዎች እጅ ቢሆን ይሻላል።

ቤት ስትመርጡም ኤጀንቱን ትታችሁ ለወላጆች ደውሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ፓረንትስ ፕሌስ ኦፍ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ፒያትክ፣ ዲሲ ውስጥ አድቮኬትስ ፎር ጀስቲስ ኤንድ ኤጁኬሽን የሚባሉ ድርጅቶች አሉ። ሥራቸው ወላጅን በነፃ ማማከር ነው። ትምህርት ቤቶቹን ለማየት ጠይቁ። ካልፈቀዱላችሁ ያንንም እንደ መልስ ቁጠሩት። ቤት ተከራይቶ አንድ ዓመት ማየትም ነውር አይደለም። ሐበሻ "ኪራይ ገንዘብ መጣል ነው" ይላል፤ ልጁ የሚማርበት ሳይታወቅ ቤት መግዛት ግን ከዚያ የበለጠ ያስከፍላል። ጥያቄያችሁን ሁሉ በኢሜይል አድርጉት። ከተመዘገባችሁ በኋላ ቢሮው የጠየቃችሁትን ሲከለክል የጽሑፍ ማስታወቂያ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ያንን ወረቀት ሳትቀበሉ አትውጡ። በምርመራው ካልተስማማችሁ ቢሮው በሚከፍለው ገለልተኛ ምርመራ እንዲደረግ መጠየቅ ትችላላችሁ። ለስቴቱ በጽሑፍ አቤቱታ ማቅረብም ይቻላል። የተፈጸመው ጥፋት ከ1 ዓመት ያልበለጠ መሆን አለበት፤ ስቴቱ በ60 ቀን ውስጥ ይመልሳል፤ ጠበቃም አያስፈልግም።

ወደ እናንተ ልመለስ፣ ኃላፊዎች። የምጠይቀው አዲስ ሕግ አይደለም። አድራሻ ሳይጠይቅ የወላጅን ጥያቄ የሚቀበል አንድ ሰውና አንድ የስልክ መስመር ነው፤ አማርኛ የሚችል ቢሆን ደግሞ መልካም። የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ትምህርት ቤት እንዳለ፣ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደሚሄድ የሚያሳይ ካርታ በአማርኛ አውጡ። ከሌላ ስቴት የሚመጣ ልጅ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ምን እንደሚያገኝ በጽሑፍ አስቀምጡ። ወላጅ ፕሮግራሙን ሊዝ ከመፈረሙ በፊት መጥቶ እንዲያይ ፍቀዱ። ልጁ አብሮ ባይመጣም ግድ የለም።

ይህ ለእናንተም ይጠቅማል። ልጁ የማይሆነው ቦታ ገብቶ፣ ስብሰባ በስብሰባ ላይ ተደርቦ፣ ከዚያ ክርክር ተነስቶ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ይበልጣል።

ቤት ፈላጊው የሚበዛው ከማርች ጀምሮ ነው። እኛም የምንፈልገው ያኔ ነው። መልሳችሁን ከዚያ በፊት በየድረ ገጾቻችሁ ላይ በአማርኛ አውጡት፤ እኔ ብቻ ሳልሆን ሌሎቹም እንዲያዩት። እስከዚያው ሞንጎመሪም፣ ፌርፋክስም፣ ፍሬድሪክም መደወሌን እቀጥላለሁ። ስደውል አድራሻዬን ሳይሆን የልጄን ዕድሜና ምን እንደሚያስፈልገው ጠይቁኝ።

ከአክብሮት ጋር፣

አንዲት እናት
ዋሽንግተን ዲሲ